ዛኪር በተመለሰ በአሥራ አንደኛው ቀን

ሙኒያ ወንድሟ ዛኪር እጁን የፈላ ዘይት ውስጥ ሲከት ያየችው ሐሙስ ጠዋት ነው። እናቷ ናዲፋ እንደ ሁልጊዜው በራፏ ላይ ከሰል አያይዛ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ማውጫው ጭልፋ ከእጇ አመለጠና ዘይቱ ውስጥ ሰጠመ። እንጨት ቢጤ ፍለጋ ዞር ከማለቷ፣ አጠገቧ በርጩማ ላይ የተቀመጠው ዛኪር ጎንበስ ብሎ እጁን እስከ አንጓው ነከረ፤ ከባልዲ ውስጥ ጣሳ እንደሚያወጣ ሰው ረጋ ብሎ ጥቂት ዳበሰ፤ ከዚያ ጭልፋውን አውጥቶ ለእናቱ ሰጣት። አልቸኮለም። ፊቱም አልተለወጠም። ዘይቱ ከጣቶቹ ጫፍ እየተንጠባጠበ አሸዋው ላይ ሲጨስ፣ ለቁርስ ልትገዛ የቆመች አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች፤ የተጠቀለለላትንም ሳትቀበል መንገዷን ቀጠለች።

ሙኒያ በሩ ላይ ቆማ ሻሿን እያሰረች ነበር። ናዲፋ ቀና ብላ ልጇን አየቻት፤ ሙኒያም እናቷን አየቻት። ከዚያ ናዲፋ የልብሷን ጫፍ ሳብ አድርጋ የዛኪርን እጅ ጣት በጣት ጠረገችው። ቆዳው አልቀላም፤ አላበጠም። "ዘይቱ ዛሬ ቶሎ ጋለ" አለችና የቀረውን ሳምቡሳ ገለበጠች። ለማን እንደተናገረችው አይታወቅም። ባለፉት አሥራ አንድ ቀናት በዚያ ቤት ወሬ የሚባለው እንዲህ ያለው ብቻ ሆኗል፤ ስለ ዘይት፣ ስለ ውሃ ተራ፣ ስለ መብራት መጥፋት። ስለ ዛኪር ትንፍሽ የሚል የለም።

ዛኪር ከቤት ከወጣ ሁለት ዓመት፣ ከሞተ አንድ ዓመት ከአራት ወር፣ ከተመለሰ ደግሞ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። ሲወጣ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ ከጅቡቲ የሚመጣ ጭነት የሚያወርድ፣ ኩንታል ስኳር በአንድ ትከሻው ተሸክሞ የሚቀልድ፣ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋር በየቋንቋው የሚሟገት ልጅ። ጉልበቱን ያዩ ሰዎች መጥተው ለልዩ ሥልጠና መረጡት። የት እንደሚወስዱት አልተናገሩም፤ እሱም አልጠየቀም። ከስምንት ወር በኋላ ሙኒያ ከዚራ ሰፈር ወደሚገኝ ታፔላ የሌለው ግቢ ተጠርታ፣ ወንድሟ በግዳጅ ላይ ሳለ ሕይወቱ ማለፉን የሚገልጽ ደብዳቤ ፈርማ ተቀበለች። አስከሬን አልተሰጣቸውም። ድንኳን ተተከለ፤ ቁርኣን ተቀራ፤ ሰደቃ ወጣ፤ ጎረቤታቸው የባቡር ጡረተኛው አቶ አለምብርሃን ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ ሳይጠፉ ለለቀስተኛው ውሃ ሲያድሉ ዋሉ። ያ የተለቀሰለት ሰው ባለፈው ሳምንት ሰኞ፣ ከተማው ጫቱን ይዞ ጥላ ጥላውን በተጋደመበት በስምንት ሰዓት ፀሐይ፣ በእግሩ መጣ። በሩን አንዴ ብቻ አንኳኳ። ያንኳኳበት ቦታ ላይ ቆርቆሮው እንደ ሳህን ጎድጉዶ ቀርቷል።

እሱ ነው፤ ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ፣ ከአባቱ የወረሰው ሰፊ ጆሮ፣ ሁሉም አለ። ግን በድሬዳዋ ሙቀት ግድግዳው ሳይቀር በሚያልብበት በዚህ ወር እሱን አያልበውም። አይተኛም፤ ሁሉም በየፍራሹ ሲጋደም ግድግዳ ተደግፎ፣ ዓይኑን ገልጦ ይቀመጣል። የሞላ የውሃ በርሜል ከደጅ አንሥቶ ጓዳ ሲያስገባ ትንፋሹ አይፈጥንም። ካርቶን እየበሉ በየመንገዱ የሚዞሩት የሰፈሩ ፍየሎች እሱ ያለበት ጥግ ሲደርሱ ቆም ብለው ያዩትና በሌላ መንገድ ይዞራሉ። ሙኒያን ከሁሉ የሚያስፈራት ግን አነጋገሩ ነው። ድሬ ያደገ ሰው አንድ ወሬ በአማርኛ ጀምሮ፣ በኦሮምኛ ስቆ፣ በሶማልኛ ይጨርሰዋል። ዛኪርም እንደዚያ ነበር። አሁን እናቱ በኦሮምኛ "ማል ታቴ ኢልሜ?" ብላ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው ይገባዋል፤ መልሱ ግን "ደህና ነኝ እናቴ" ነው፤ እንደ ዜና አንባቢ ለስላሳና እኩል በሆነ አማርኛ። እናቴ ብሏት አያውቅም ነበር። ገጠር እንዳሉት የቢዮ አዋሌ ዘመዶቿ ልጆች "አዮ" ነበር የሚላት።

ሙኒያ ሱሪ ለምትሰፋበት ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ደውላ አሞኛል አለች። ቦርሳዋን ስታነሣ እናቷ የት ልትሄድ እንደሆነ አልጠየቀቻትም። ዛኪር ግን ከበርጩማው ሳይነሣ፣ ፊቱንም ሳያዞር፣ "ከስድስት ሰዓት በኋላ አይቀበሉም" አላት። የት እንደምትሄድ ለማንም አልነገረችም ነበር።

ባለባጃጁ ለብቻዋ ከሆነ መቶ ሃያ ብር ስለጠየቃት ከሁለት ሴቶች ጋር ተደርባ በሃያ ብር ሄደች። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ አሸዋው ነጭ ሆኗል፤ ሰዎች መኪና ያጥቡበታል። ሴቶቹ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራሉ፤ አንደኛዋ ወደ ሙኒያ ዞራ በከፊራ ገበያ ስንት እንደገባ ጠየቀቻት፤ ሙኒያ ሃያ ብሯን ለሾፌሩ አቀበለች። ከዚራ ስትገባ እንደ ሁልጊዜው የዛፎቹ ጥላ ቀዘቀዛት። ያኔ የተጠራችበት ግቢ በድሮ ጊዜ የባቡር ሹማምንት ከኖሩባቸው ቪላዎች አንዱ ነው፤ ቢጫ ግድግዳ፣ አረንጓዴ የመስኮት መዝጊያ፣ በሩ ላይ አንድም ጽሑፍ የሌለበት። ዘበኛው ስልኳን ተቀብሎ ቁጥር ያለበት ካርድ ሰጣትና ወደ መጠበቂያው ክፍል አሳለፋት።

እዚያ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጠው ነበር፤ ጢማቸውን ሒና የቀቡ፣ ሽርጥ የታጠቁ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሐል ያቆሙ ሽማግሌ። ፋራህ እባላለሁ፣ ከጀልዴሳ ነው የመጣሁት አሉ። ሙኒያ ለምን እንደመጣች አልተናገረችም፤ እሳቸው ግን ሳትነግራቸው አወቁ፤ በዚያ ክፍል የሚቀመጥ ሰው ሌላ ጉዳይ የለውም። ልጃቸው ሂርሲም በዚያው ሰኞ ነው የተመለሰው። ለግመል ጠባቂ ቤት የልጅ መመለስ ትልቅ ደስታ ነው፤ ፍየል አረዱ፤ ዘመድ ጠሩ። ግመሎቹ ግን አልቀርበው አሉ። በሦስተኛው ቀን አንድ የተቆጣ ወንድ ግመል ሲመጣበት ሂርሲ አንገቱን በአንድ እጁ ይዞ መሬት ላይ አስተኛው፤ እስኪሞትም ድረስ ያዘው፤ ልቀቀው ያለው ሰው ስላልነበረ አለቀቀውም። ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም።

"አባዮ፣ ልጄ ደግ ልጅ ነበር" አሉ፤ ሶማሌ እህቱን በሚጠራበት ስም ጠርተዋት። "ይኸኛው ክፉ አይደለም። ደግም አይደለም። ቤቴ ውስጥ የተተከለ ብረት ነው። እናቱ አጠገቡ መቀመጥ ፈራች።"

ከዚያ ስማቸው ተጠራ። ሲገቡና ሲወጡ አምስት ደቂቃ አልሞላም። ሲወጡ የአውራ ጣታቸው ጫፍ በቀለም ሰማያዊ ሆኖ ነበር፤ በሽርጣቸው እየጠረጉት ሙኒያን ሳያዩ አለፉ።

በውስጠኛው ክፍል ያለው ሰው ያኔ ደብዳቤውን የሰጣት ያው አቶ በቀለ ነው። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ የለበሰ፣ ትሕትና የሚያበዛ ሰው ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሳበላት፤ ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳላት። ከዚያ ቅጽ አውጥቶ ይጠይቅ ጀመር። ስንት ቀን ሆነው? አሥራ አንድ። ይተኛል? አይተኛም። ያልበዋል? አያልበውም። የሰበረው ነገር አለ? ጨው ጠይቆ ያውቃል? ከቤተሰቡ በስሙ የጠራው ሰው አለ? ሙኒያ ሐኪም ፊት እንደቀረበ ሰው ስትመልስ ቆይታ፣ ስለ ዘይቱም ከነገረችው በኋላ፣ ሰውየው በአንዱም መልስ እንዳልተገረመ ልብ አለች። ወንድሟ አምልጦ የመጣ መስሏት ነበር። ልከውት ነው።

"ሞቷል ብለህ ፊርማ ተቀብለኸኛል" አለችው። የድሬ ልጅ ናትና አንቱታ አይቀናትም።

"ልክ ነው። በመዝገብ ሞቷል" አለ በቀለ። "ስለዚህ መታወቂያ አያወጣም፤ ሥራ አይቀጠርም፤ አያገባም። እስከ መቼ በርጩማ ላይ ይቀመጣል?" ቅጹን ወደ እሷ አዞረው። ራስጌው ላይ፣ *ደረጃ ሰባት፦ በቤተሰብ ፈቃድ መመለስ* ይላል። ከሥሩ ሁለት ሣጥን አለ፤ ወደ ሥልጠናው ይመለስ፣ አይመለስ።

"ባልፈርምስ?"

"መብትዎ ነው። ማንም አያስገድድዎትም። መርፌው ግን በየአሥራ ሁለት ቀኑ ነው የሚታደሰው። ነገ ካልተወጋ ከሰውነቱ መውጣት ይጀምራል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ሰው ይሆናል።"

የጣሪያው ማራገቢያ በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ እየነካ ቀጭ ይል ነበር። በቀለ ሳትጠይቀው ቀጠለ።

"ሰው ሆኖ ብዙ አይቆይም። አምስት ቀን፤ ቢበዛ ሰባት።"

በእጃችሁ ያለ ሰው ነው፣ ታዲያ የእኔ ፊርማ ምን ያደርግላችኋል ብላ ጠየቀችው። በቀለ ብዕሩን አስቀመጠ። እንደሚኮራበት ሥራ ነበር የነገራት። በግድ ያስቀሯቸው ወደ ኋላ ያያሉ፤ ትእዛዝ ሲሰጣቸው አንድ አፍታ ያመነታሉ፤ የገዛ ቤተሰቡ የመለሰው ግን አያመነታም። "ፊርማውን እናሳየዋለን" አላት። "ያኔ ያልቃል።"

"ምኑ?"

"የቀረው።" ቅጹን አጥፎ በፖስታ ከቶ ሰጣት። ዛኪርን የሚወስድ መኪና ዐሥር ሰዓት ላይ ቤት ይመጣል፤ እናትየውም መፈረም ይችላሉ፤ የአውራ ጣት አሻራ ይበቃል አላት። እስከ በሩም ሸኛት።

ስትመለስ ባጃጅ አልያዘችም። ከጥላው ወጥታ ደቻቱን እስክትሻገር ፀሐዩ አናቷን ይመታት ነበር፤ ሱቆቹ ተዘግተዋል፤ ከየቤቱ በረንዳ የሚሰማው የበርጫ ወሬ ዝግ ብሏል። እየሄደች በልቧ የምታየው ነገር አሳፈራት። ፈርማ ብትገባስ? ቤቱ እንደ ድሮው ይሆናል። ድሮ ማለት ደግሞ ዛኪር የሞተበት ጊዜ ነው። እሱ ሞቷል በተባለ በሁለተኛው ወር የስፌት መኪናዋን ወደ ክፍሉ አስገብታ ነበር፤ መስኮቱ ጥሩ ብርሃን አለው። ሲመለስም አላወጣችውም። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በገዛ ክፍሉ ውስጥ ከጨርቅ ክምር ጋር ተቀምጧል፤ ይነሣልኝ አላለም፤ እሷም አንድ ቀን ይቅርታ አላለችውም። ግራ የገባት ይህ ነው፤ ከፈራችው በላይ አሳዝኗታል፤ ካሳዘናት በላይ ደግሞ እንዲሄድላት ፈልጋለች።

እቤት ስትደርስ ናዲፋ ጓዳ ውስጥ ድስት ታጥባለች። ሙኒያ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የሰማችውን አንድ በአንድ ነገረቻት። እናቷ እጇን ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከፈረምን በሕይወት ይኖራል ወይ። ሙኒያ አዎ፣ ግን ብላ ስትጀምር ናዲፋ እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ አድርቃ ዘረጋችላት። ወረቀቱን ስጪኝ አለቻት፤ አንድ ጊዜ ድንኳን ተክዬለታለሁ፤ ሁለተኛ አልተክልም፤ ባላየውም፣ ባያውቀኝም፣ የሆነ ቦታ ይተንፍስልኝ። ሙኒያ ፖስታውን ወደ ኋላ ያዘችው። ሁለቱ ሴቶች ሠላሳ አራት ዓመት አብረው ሲኖሩ ተጓትተው አያውቁም ነበር፤ አሁን ናዲፋ የልጇን አንጓ ይዛ ትስባለች፤ አታለቅስም፤ ትስባለች።

ዛኪር በሩ ላይ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላወቁም፤ ሲሄድ ኮቴው አይሰማም። እናቱ የሙኒያን አንጓ ለቀቀች።

ከእነሱ ጋር እንደሚነጋገር ሰው ሳይሆን ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው ተናገረ። ከእነ ዛኪር በፊት የነበረው ቡድን እንዲሁ ወደ ቤት ተልኮ ነበር። በቤተሰብ ፊርማ ወደ ሥልጠናው የተመለሱት ወረቀታቸው ተነበበላቸው። ከዚያ ቀን በኋላ የእናታቸውን ስም ቢጠይቋቸው አያውቁትም። ለምን እንደሚያሠለጥኗቸው የነገራቸው የለም፤ የሚለማመዱበትን ቤት ግን ሠርተውላቸዋል። ቆርቆሮ በር፣ አንድ ጓዳ፣ ደጅ ላይ በርሜል። ውስጡ የሰው ቁመት ያለው አሻንጉሊት ተኝቷል፤ ትልቅም ትንሽም። በሩን ሰብሮ ገብቶ፣ ሁሉንም ጨርሶ ለመውጣት አርባ ሰከንድ ይሰጣቸዋል። እሱ አሥራ ዘጠኝ ይበቃው ነበር።

"ያን ቀን ስመጣ" አለ፣ "በራችሁ ላይ ቆሜ እጄን አነሣሁ። እንዴት እንደሚንኳኳ ጠፋኝ። ብዙ ቆሜ ነው ያስታወስኩት።"

ዛኪር እናቱን አየ፤ ከንፈሩ አንድ ቃል እንደሚፈልግ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ላብ እንኳ የማያወጣ ፊት ሲጨነቅ ምን እንደሚመስል ሙኒያ ያን ጊዜ አየች።

"አዮ" አለ በመጨረሻ። "አትፈርሚ።"

ናዲፋ ፖስታውን ከሙኒያ እጅ ወሰደች፤ ሙኒያም አልከለከለቻትም። ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ፣ ሳትከፍተው ሁለት ቦታ አጥፋ ከፋመው ከሰል ሥር ከተተችው። ከዚያ ለልጇ ውሃ ቀዳችለት።

የተባለው ነጭ መኪና በዐሥር ሰዓት መጣና መንገዱ ማዶ ቆመ። ሾፌሩ አልወረደም፤ መስኮቱንም አልከፈተም። ዛኪር ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ሙኒያ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ትከሻው ሲነካት እንደ ምሰሶ ነበር፤ ፈቀቅ አላለችም። ትንሽ ቆይቶ አቶ አለምብርሃን በርጩማቸውን ይዘው መጥተው ከእነሱ ጎን አኖሩት፤ ምን ሆናችሁ አላሉም፤ ስለ ሙቀቱ ሁለት ቃል ተናገሩ። ቀጥሎ ከበረንዳው ጫት የያዙት የሰፈሩ ወንዶች እየተነሡ ፍራሻቸውን ወደዚያው ሳቡ። መኪናውን ያየ የለም፤ ያላየውም የለም። መግሪብ አዛን ሲል ሞተሩ ተነሣና ሄደ።

በቀለ የተናገረው ሁሉ ሆነ። ቅዳሜ ዛኪር አላበው፤ ናዲፋ ግንባሩን እየነካች እጇን ታያለች። እሑድ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኛ፤ ሲነቃ ዳጣ ያለበት ሳምቡሳ ጠየቀና አፉ ተቃጠለ። ሙኒያ የስፌት መኪናዋን ከክፍሉ አወጣች፤ እሱ ሲያያት፣ "አቦ፣ አሁን ትዝ አለሽ?" ብሎ በሦስቱም ቋንቋ አሾፈባት። ሰኞ ጉልበቱ ከዳው፤ በርሜሉን ሊያንቀሳቅስ ሞክሮ አቃተው፤ ስለዚያም ሳቀ። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ተንቀጠቀጠ። ረቡዕ ጠዋት፣ ጭንቅላቱን የእናቱ ጭን ላይ አድርጎ፣ ስለ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባው ቂልነት እያወራ ወሬውን ሳይጨርስ ቀረ።

ድንኳን አልተተከለም፤ ናዲፋ አልፈለገችም። ያጠቡት ወንዶች ከጓዳው ሲወጡ እርስ በርስ አልተያዩም። ጀናዛውን ሊያነሡ አራት ሰዎች ቃሬዛው ሥር ገቡ፤ ቃሬዛው ከመሬት አልተነቃነቀም። ስድስት ሆኑ። ስምንት ሆነው ብድግ አደረጉት፤ ከሃያ እርምጃ በኋላ ግን ማሳረፍ ነበረባቸው። ከሦስት ቀን ሕመም በኋላ አጥንቱ የወጣ ልጅ ነው የተሸከሙት። ማንም ለምን ከበደ አላለም። በየማእዘኑ ሌሎች እየመጡ ትከሻ ይቀያየራሉ፤ የሰፈሩ ሹፌር፣ ሸቀጥ ሻጩ፣ ክርስቲያኑ አለምብርሃን በሰባ ዓመታቸው፤ ሙኒያ ከበሩ ላይ ቆማ ቃሬዛው ሰው ለሰው እየተቀባበለ መንገዱን ሲጨርስ አየች። የመቃብሩ አጥር ጥግ ነጩ መኪና ቆሞ ነበር አሏት በኋላ። ወንዶቹ ቀብረው አልተመለሱም፤ ምንጣፍ አንጥፈው መቃብሩን ሲጠብቁ እዚያው ዋሉ፤ በማግስቱም ሌሎች ተተኩ። በአራተኛው ቀን መኪናው መምጣቱን ተወ።

በሳምንቱ፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት ናዲፋና ሙኒያ ሄዱ። አካባቢው ያሉት መቃብሮች በጤዛ ረጥበዋል፤ የዛኪር አፈር ደረቅ ነው። ናዲፋ ተቀምጣ መዳፏን አፈሩ ላይ ዘረጋች፤ ብዙ ጊዜ አላነሣችውም። ሙኒያም እጇን አጠገቧ አሳረፈች። አፈሩ ሞቃት ነበር፤ እንግዳ ተኝቶበት ገና እንደተነሣ ፍራሽ። ሙቀቱ እናቷም እንደተሰማት ለማወቅ ፊቷን አየቻት፤ በዚያ ፊት ላይ መገረም አልነበረም። ሙኒያ ተነሥታ፣ እንሂድ ብላ እጇን ሰጠቻት።

"ትንሽ ቆዪ" አለች ናዲፋ። "ገና አልቀዘቀዘም።"